የአሸተን ኩሬና ቁናው

ከላሊበላ ተነሥቶ ወደ አሸተን ማርያም የሚወጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ትንፋሹን ነው፤ ቀጥሎ የሚያገኘው ጭላዳን። ገዳሟ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለ ገደል ላይ ከዓለት ተፈልፍላ ተቀምጣለች፤ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ደግሞ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ሆኖ ከበስተኋላዋ ይመለከታታል። በዚያ ሁሉ መስክና ገደል ጭላዳው ተቀምጦ ሣር ይነጫል። ሥጋ አይነካም፤ ዓሣማ በዘር ማንዘሩ ተቀምሶ አያውቅም። የአሸተን ሥር እንስሳት የዓሣ አርቢዎች ማኅበር ሲቋቋም ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የማይበላ አይሰርቅም ተብሎ። ደረቱ ላይ ተፈጥሮ የለጠፈችለት ቀይ ኒሻንም ሳይረዳው አልቀረም።

ተረት ነውና የተረት ወጉ ይጠበቅለት፤ እንስሳቱ ይናገራሉ፣ ይሰበሰባሉ፣ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ። ጊዜው ግን ድሮ አይደለም።

ሐሳቡን ያመጣው ሽመላ ነው። ሽመላ በጋውን በእኛ አገር፣ ክረምቱን በፖላንድ የሚያሳልፍ፣ ሁለቱንም አገር የራሴ የሚል፣ በሁለቱም አገር ግብር የማይከፍል ወፍ ነው። ገደሉ ሥር ምንጩ የሚፈልቅበት ቦታ ላይ አንድ እግሩን አጥፎ ቆመና እንዲህ አለ፦

«በፖላንድ ሚሊች የሚባል ቦታ አለ። መነኮሳት የቆፈሯቸው ኩሬዎች ናቸው። ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ይቺን የአሸተን ማርያምን አስፈልፍሎ ፈጸማት በምትሉበት በ13ኛው ክፍለ ዘመን፣ እነዚያ ደግሞ ለጾማቸው የሚሆን ዓሣ እናርባ ብለው መሬት ይቆፍሩ ነበር። እስከ ዛሬ ካርፕ የሚባል ዓሣ ይረባበታል።»

«መነኮሳት ከሆኑማ» አለ ጭላዳ፣ «እኛስ ምን ጎደለን? ገዳም እንደሆን ከበላያችን ነው።»

ሽመላ ቀጠለ። በ2022 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ በእርባታ የተገኘው የውሃ እንስሳ ከባሕርና ከሐይቅ የተሰገረውን ለመጀመሪያ ጊዜ መብለጡን፣ 94.4 ሚሊዮን ቶን መድረሱን፣ ይህንንም የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት መናገሩን ዘረዘረ። እንስሳቱ ሚሊዮንም ቶንም አያውቁም። «በለጠ» የሚለው ግን ገባቸው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሰዎቹ ትተው፣ ዐቢይ ጾም ሲገባ የዓሣ ዋጋ ሽቅብ እንደሚወጣ ብቻ ያዙ። አያ ጅቦ ገዢ ሊሆን፣ ዋጋውን በገብስ ሊከፍል ቃል ገባ። ጅብ ገብሱን ከየት እንደሚያመጣ የጠየቀ የለም። ይሄም አንድ መለኪያ ነበር፤ ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀል ነበር።

ኩሬው ተቆፈረ። ከምንጩ የሚገባበት መግቢያ፣ ወደ ሸለቆው የሚወርድበት መፍሰሻ ተበጀለት። ጫጩቱን ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ካለው ሐይቅ ያመጣው ራሱ ሽመላ ነው። የቀረሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ልጆቿም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ ሽመላ አንዲት እናት ሲለቅም ቤተሰብ ነበር የሚለቅመው። በመንገድ ላይ ስንቱን እንደዋጠ አልተመዘገበም። (የሐይቅ ቀረሶም ቢሆን የአገሩ ተወላጅ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሰዎች አምጥተው የጨመሩት ነው። እዚያም መጀመሪያ የተቆጠረው የገባው ዓሣ ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ቀድመው የነበሩት ዓይን የማይለያቸው ደቃቅ ፍጥረታት ምን ደረሰባቸው የሚለው የተጠየቀው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።)

ሪፖርት ጸሐፊው ቁራ ነበር። የላስታ ቁራ ምንቃሩ ወፍራም ነው፤ ማጅራቱ ላይ ባለችው ነጭ ላባ ምክንያት ኮሌታ ያደረገ፣ የተማረ ይመስላል። የመጀመሪያውን ዓመት እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «5 ሺህ ጫጩት ወደ ኩሬው ተለቋል። የዕቅዱ አፈጻጸም 100 በመቶ።»

ተለቋል እንጂ ኖሯል አላለም። ቀረሶ የሞቀ ውሃ ዓሣ ነው። ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ እድገቱ ይንቀረፈፋል፣ መራባቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ይሞታል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ከአቡነ ዮሴፍ ሲወርድ ጫጩቶቹ ጎናቸውን እየሰጡ ተንሳፈፉ። ሽኮኮ፣ የማኅበሩ ንብረት ክፍል፣ ገደሉ ላይ ሆኖ እያየ «ዛሬስ ዓሦቹ ፀሐይ እየሞቁ ነው» አለ። ቁራ የሞቱትን አንድ በአንድ ለቀመ። ማስረጃ የማጥፋት ሐሳብ እንኳ አልነበረውም፤ ርቦት ነው። ግን መቁጠር የሚችለው እሱ ብቻ ስለነበር ሁለቱ ሥራዎች አንድ ሆኑ።

በሁለተኛው ዓመት ቀረሶ ቀርቶ አምባዛ ገባ። አምባዛ ብርድ ይችላል፤ ውሃው ቢደፈርስም ከላይ አየር እየሳበ ይኖራል፤ ቶሎም ይወፍራል። ነገር ግን ቀረሶ በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ ይረካ ነበር፤ አምባዛ ሥጋ ይላል። መኖው ከየት ይምጣ? ከታች፣ ተከዜ ከሚገቡት ወንዞች። ክረምት ሲገባ ዓሦች ለመራባት ሽቅብ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ፣ እንቁላል ያዘለችውንም ያላዘለችውንም አንድ ላይ ያፍሳል። ማኅበሩ ያደረገው ይህንን ነው። የተፈሰው ትንንሽ ዓሣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ለአምባዛ ተበተነ።

ጣና ላይ የሆነውን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ይቆጣል። በጣና ብቻ የሚገኙ፣ በዓለም ሌላ ቦታ የሌሉ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። እነርሱም በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ ይወጣሉ፤ መረቡም እዚያው የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውስጥ ምርታቸው ወደ ሩብ ገደማ ወርዷል። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዋጁ ወረቀት ላይ አለ፤ መረቡ ውሃ ላይ አለ፤ ሁለቱ ብዙም አይገናኙም።

ወደ ተረታችን እንመለስ። በዓመቱ መጨረሻ ሽኮኮ ቁናውን አመጣ። አንድ ቁና አምባዛ፣ ሁለት ቁና አምባዛ፣ ሦስት። ገበያው ደራ። አያ ጅቦ ገብሱን ከፈለ። ጭላዳዎቹ ገብሱን ቆረጠሙ። ቁራ «የዕቅዱ አፈጻጸም 112 በመቶ» ብሎ ጻፈ፤ ዕቅዱን ከመቶ በላይ መፈጸም ዕቅዱ ስህተት ነበር ማለት መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም፤ በሰዎቹም ዘንድ ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

እንግዶች መምጣት ጀመሩ። ጉብኝቱ ማለዳ ነበር፤ ፀሐይ ከአሸተን ጫፍ ብቅ ስትል፣ ኩሬው እንደ ለመለመ ማሳ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ። ዓሦቹ በሙሉ ከውሃው በላይ አፋቸውን ከፍተው፣ እየከፈቱና እየዘጉ፣ ጥርግ ብለው ይወጣሉ። አምባዛው ብቻ ሳይሆን ከብርዱ የተረፉት ጥቂት ቀረሶዎችም ጭምር። ጭላዳ እጁን ዘርግቶ «እዩ፣ እንግዳ ሲመጣ ይቀበላሉ» አለ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ፎቶ ተነሡ።

ዓሦቹ እየታፈኑ ነበር። ውሃውን አረንጓዴ ያደረገው ከተበተነው መኖ ትርፍና ከዓሣው ኩስ የበቀለ ደቃቅ አልጌ ነው። አልጌ ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት መልሶ ይወስዳል። ንጋት ላይ ውሃው ውስጥ የሚተነፈስ ነገር የለም ማለት ይቀላል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ዓሣው ወደ ታች ይመለሳል፤ እንግዶቹም በዚያ ሰዓት ምሳ ላይ ናቸው።

እመት እንቁራሪት የመጣችው ከዚህ ጉብኝት በኋላ በተጠራው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ነው። ከመፍሰሻው በታች፣ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ በሚወርድበት ትኖራለች። እንቁራሪት በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ትተነፍሳለች፤ ውሃው የያዘውን ነገር ወደደችም ጠላችም ትቀምሰዋለች። ቆዳዋ ተላጦ ነበር።

«አያ ጭላዳ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«እመት እንቁራሪት፣ ጉዳይሽ በአጀንዳ አልተያዘም።»

«እኔ ከመፍሰሻው በታች ነኝ። እዚያ አጀንዳ አይወርድም፤ የሚወርደው ሌላ ነው።»

ሳቅ ሆነ። ጭላዳም ሳቀ፤ ጭላዳ ሲስቅ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል፤ በጭላዳ ወግ ይሄ ማስፈራሪያም ነው።

«ጥያቄሽ ምንድን ነው?»

«ቁናው። ሽኮኮ የሚሰፍረው የወጣውን ዓሣ ነው። የገባውን ማን ይሰፍረዋል? አንድ ቁና አምባዛ ለማውጣት ከተከዜ ሦስት ቁና ትንንሽ ዓሣ ወርዶበታል። ሦስት አስገብቶ አንድ ማውጣት ዓሣ ማርባት ነው ወይስ ዓሣ መጨረስ? ደግሞ እኔ ላይ የሚፈሰው ስንት ቁና ነው? የኔ ልጆች እግር ሳያወጡ አለቁ። ነገሩም እኔ ጋ አይቆምም። ይሄ ውሃ ተከዜ ይገባል፤ ተከዜ ደግሞ ወርዶ ወርዶ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር የቆመው ግድብ ዘንድ ይደርሳል። እዚያ በዋግም በትግራይም በኩል መረብ ጥለው የሚያድሩ አሉ። የነሱን ዓሣ እናት እኛ ወቅጠን ለአምባዛ አበላናት።»

ጭላዳ ወደ ሽመላ ዞረ። ሊቅ ሲጠፋ ወደ ውጭ አገር ዞር ማለት ልማድ ነው።

ሽመላ እግሩን ቀየረ። «እውነት ለመናገር» አለ፣ «ይሄ ጥያቄ በእኛ ዘንድም አለ። ሳልሞን የሚባል ውድ ዓሣ ያረባሉ። እሱን ለመቀለብ ከፔሩ ባሕር አንቾቪ የሚባል ትንሽ ዓሣ እያፈሱ ይፈጫሉ። አንድ ኪሎ ለማግኘት ስንት ኪሎ ገባ ብለው መቁጠር ከጀመሩ ወዲህ መኖውን ወደ እህል እያዞሩት ነው፤ ቁጥሩም ወርዷል። በ2010 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእርባታ ዓሣን የሚመሰክር ምክር ቤት ኔዘርላንድስ ውስጥ ተቋቁሟል። የሚጠይቀው ኩሬውን ብቻ አይደለም። መኖው ከየት መጣ፣ ከኩሬው የወጣው ውሃ የት ደረሰ፣ ሠራተኛው ተከፈለው ወይ፣ ጎረቤቱ ምን ይላል ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ካማረ ማኅተም ይሰጣል።»

«ማኅተሙን አምጣልና!» አለ ጭላዳ። ሌላው አልተሰማውም።

«የሚሊች ሰዎችስ እንዴት ያውቃሉ?» አለች እንቁራሪት።

«በልግ ሲሆን — የነሱ በልግ በመስከረምና በጥቅምት ነው — ኩሬውን ሙሉ በሙሉ ያፈሱታል። ዓሣው ይለቀማል። ታቹ ይታያል፤ ጭቃው፣ አተላው፣ የሞተው ሁሉ።»

እዚህ ላይ ጉባኤው ጸጥ አለ። ታች ማየት የሚለው ሐሳብ ለማንም አልጣመም። ለሽኮኮም፣ ለቁራም፣ ለአያ ጅቦም። እንቁራሪት ራሷ ዝም አለች፤ ከዚያ ቀስ ብላ «የሚያፈሱትስ በማን ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች። ሽመላ አልመለሰላትም። እኔ በበኩሌ ከዚህ ተረት ውስጥ ከሁሉ የከበደችኝ ጥያቄ ይቺ ናት፤ ማየትም ዋጋ አለው፤ ዋጋውን ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ያው ከታች ያለው ነው።

ጉባኤው አጣሪ ኮሚቴ ሰየመ። ኮሚቴው ቁራ ብቻ ነበር። ወደ ታች በርሮ መፍሰሻውን አይቶ እንዲመለስ ተላከ፤ የቁራ መልእክተኛ ማለት ከኖኅ ጀምሮ የታወቀ ነገር ስለሆነ የቀረውን አንባቢ ይገምተዋል። የሞተው ዓሣ ድንጋዩ ሥር ተከምሮ ነበር። ቁራ ጾም እስኪፈታ እዚያው ሰነበተ። ሲመለስ መብረር አቅቶት በእግሩ ነበር፤ ሪፖርቱም አጭር ነበረች፦ «ከመፍሰሻው በታች የምግብ ዋስትና ተረጋግጧል።»

ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። የአቡነ ዮሴፍ ቀይ ቀበሮ ተጠራ። ዘመዶቹ በጣም ጥቂት የቀሩ፣ አይጥ እያደነ ለብቻው የሚኖር፣ ከማኅበሩ ገብስም ዓሣም የሌለው ነው። ሁለቱንም ወገን ሰማ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ መስሎ፦

«እኛን ሰዎች እየመጡ ይቆጥሩናል» አለ። «በሠሩት መነጽር ከሩቅ ያዩናል፣ ይጽፉናል። መቆጠራችንን አልጠላሁም። ግን በመቆጠር የበዛን የለም፤ ገብስ እርሻው ሽቅብ በወጣ ቁጥር የኛ ቦታ ያንሳል፤ ከማሳው ጫፍ ጀምሮ ቢቆጥሩ ኖሮ ይሻል ነበር እላለሁ።»

«ፍርዱስ፣ አባቴ?» አለች እንቁራሪት።

«ነአኵቶ ለአብ ዋሻ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ከዋሻው ጣሪያ ጠበል ጠብ ይላል፤ ከሥሩ የድንጋይ ገበታዎች አሉ። ጠብታው ዘመናት ሙሉ እዚያው ገበታ ላይ ይወድቃል። ገበታው ስላልተነሣ ጠብታው ያነሰ ዕለት ያነሰው ጠብታው እንደሆነ ይታወቃል። እናንተ ግን ቁናውን እንደ ልባችሁ ታዞሩታላችሁ። አምና በለቀቃችሁት፣ ዘንድሮ ባወጣችሁት፣ ለከርሞ ደግሞ በሌላ። አንድ ገበታ አብጁ፤ ከመፍሰሻው በታች አኑሩት፤ የሚጠብቀውም እዚያ የሚኖር ይሁን። ከመኖው የገባውንም በዚያው በሽኮኮ ቁና ስፈሩት። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ትሉ የለ?»

ተጨበጨበ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ አለፈ። ቁራ ቃለ ጉባኤውን ጻፈ፤ ጭላዳ በደረቱ ማኅተም አተመው።

አፈጻጸሙ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ገበታው ተፈለፈለ፤ ግሩም ገበታ ነበር፣ የላስታ ድንጋይ ጠራቢ እጅ ያረፈበት ይመስላል። እመት እንቁራሪት የውሃ ጥራት ኃላፊ ተብላ ተሾመች፤ አበልም ተቆረጠላት። ገበታው የተቀመጠው ግን ከመግቢያው ላይ፣ ምንጩ ከዓለቱ ሲወጣ ገና ንጹሕ በሆነበት ነበር፤ ምክንያቱም ታች መንገዱ ለጎብኚ አይመችም ተባለ። ማለዳ ማለዳ ቁራ መጥቶ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች። ቁራ ይጽፋል፦ «ውሃው ደህና ነው። እንቁራሪቷ ደህና ናት።»

እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም፤ ተመችቷት ነበር። ቆዳዋ አገገመ። ቀዝቃዛው የምንጭ ውሃ ከላይ ሲወርድባት ዓይኗን ጨፍና ትቀመጥ ነበር፤ ከታች የቀሩት እህቶቿ ሲንጫጩ ማታ ማታ ይሰማታል፤ ከዚያ እየራቀ፣ እያነሰ መጣ። መጀመሪያ ዝም ማለታቸውን እንደ ሰላም ቆጠረችው። ኋላ ነው የገባት።

በሚቀጥለው ጉባኤ እጇን አወጣች።

«ገበታው ወደ ውሳኔው ቦታ ይውረድ። እኔም ከሱ ጋር እወርዳለሁ። አንድ ነገር ግን ይጨመርልኝ፦ ከዚህ ማኅበር ገብስ የሚቀበል ሁሉ፣ ከሊቀመንበሩ ጀምሮ፣ የሚጠጣውን ውሃ ከመፍሰሻው በታች ይቅዳ።»

ጭላዳ ድዱን ሳያሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰበ። ከዚያ ሊቀመንበሩ ሣር በል እንደመሆኑ፣ ሣሩም ጤዛ ያዘለ እንደመሆኑ፣ ውሃ ብዙም የማይጠጣ መሆኑን ለጉባኤው አስረዳ። ሽኮኮ እሱም ከቅጠል እርጥበት እንደሚያገኝ ተናገረ፤ ይሄስ እውነቱን ነው። አያ ጅቦ ስብሰባውን ጥሎ ወጣ። ሚያዝያ እየገባ ስለነበር ሽመላ ወደ ሰሜን ለመብረር ክንፉን ያፍታታ ነበር፤ ሪፖርቱን ይዞ እንዲሄድና ማኅተሙን እንዲጠይቅ አደራ ተሰጠው። ምንቃሩ ስለተያዘ ስለ እንቁራሪቷ ጥያቄ የሚሰጠው አስተያየት አልነበረም።

የዕለቱ ቃለ ጉባኤ በቁራ እጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ተራ ቁጥር 7፣ ልዩ ልዩ ጉዳዮች። የመጠጥ ውሃን በተመለከተ ከእመት እንቁራሪት የቀረበው ሐሳብ ጠቃሚ መሆኑ ታምኖበታል። ሰዓቱ ስለመሸ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይደር።»